በአትክልት ቦታ ስንፈራረም

እንግሊዝ አገር ከቤት ውጭ፣ ሣር ላይ ቆሞ ጋብቻ መፈራረም ይቻላል። ግን የትም ሣር ላይ አይደለም። እኔና ባለቤቴ ይህን ያወቅነው ለድንኳን ቀብድ ከከፈልን በኋላ ነው።

አጎቴ ለንደን ውስጥ ሰፋ ያለ ጓሮ አለው። እዚያ ድንኳን እንጥላለን፣ ከካውንስል (ከአካባቢው አስተዳደር) ሰው መጥቶ ያፈራርመናል፣ ከዚያ ዶሮ ወጡና ጭፈራው ይቀጥላል ብለን ነበር። ካውንስል ስደውል የመጀመሪያው መልስ "የግል ቤት አይሆንም" ሆነ። ቀብዱም ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አገር ቤት በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ በማዘጋጃም፣ በሃይማኖትም፣ በባህልም የተፈጸመን ጋብቻ ይቀበላል። በእንግሊዝና በዌልስ ግን ሕጉ አጥብቆ የሚጠይቀው ቦታውን ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ለጋብቻ ካልተመዘገበ ተክሊሉ ብቻውን በሕግ ፊት አያጋባም። የማዘጋጃው ደግሞ ወይ የጋብቻ መዝገብ ቤቱ ውስጥ ነው፣ ወይ ካውንስል ፈቃድ የሰጠው ሆቴል፣ አዳራሽ ወይም ይህን የመሰለ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ቦታ። እስከ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2021 ድረስ እዚያም ቢሆን ጣሪያ ሥር መሆን ግድ ነበር። በኮሮና ምክንያት ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ግቢው ውስጥ እንዲሆን ለጊዜው ተፈቀደ፣ በ2022 ቋሚ ሆነ፤ ለሲቪል ፓርትነርሺፕም (ጋብቻ ሳይባል በሕግ ለሚመዘገብ የጥንዶች ጥምረት) እንደዚያው። ስለዚህ አትክልት ቦታው ፈቃድ ያለው ሕንፃ ግቢ መሆን አለበት። የባሕር ዳርቻ ወይም ጫካ ያማራችሁ ስኮትላንድን እዩ፤ እዚያ የሚታየው አጋቢው እንጂ ቦታው አይደለም።

ሁለተኛው ስህተታችን የበለጠ አስከፍሎናል። ኖቲስ የሚባል ነገር አለ። ሁለታችሁም በአካል፣ ቢያንስ 7 ቀን ወደኖራችሁበት ወረዳ መዝገብ ቤት ሄዳችሁ ልንጋባ ነው ብላችሁ ታስመዘግባላችሁ፣ ከዚያ 28 ቀን ትጠብቃላችሁ። ከመኖሪያ ፈቃድ ጋር የተያያዘ ጉዳይ ካለ ወደ 70 ቀን ሊሄድ ይችላል። እኛ ካስመዘገብን በኋላ ከከተማ ወጣ ብሎ የሚያምር ግቢ ያለው ቤት አገኘንና ቀየርን። ለካ ኖቲሱ ላይ የሚጻፈው ቦታም ጭምር ነው! እንደገና ቀጠሮ፣ እንደገና ክፍያ፣ እንደገና 28 ቀን። የሠርጉ ቀን ሊያልፈን ምንም አልቀረውም ነበር፣ እኔ ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበረኝም። እባካችሁ ቦታው ሳይቆርጥላችሁ ኖቲስ አትስጡ። ቦታውን ስትይዙም "ግቢው ውስጥ መፈራረም ይቻላል? ዝናብ ቢመጣስ የትኛው ክፍል ነው?" ብላችሁ በጽሑፍ አስመልሱ።

ሌላው መዝሙር ነው። የማዘጋጃ ሥነ ሥርዓት ውስጥ ጸሎትም፣ መዝሙርም፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ማንበብም አይፈቀድም። አባቴ ሳይመርቀን እንዴት እንጋባለን ብዬ አዘንኩ። መዝጋቢዋ ግን ደግ ሴት ነበረች፤ "እኛ ጨርሰን ከሄድን በኋላ ጊዜው የእናንተ ነው" አለችን።

የዚያን ቀን ደመና ነበር እንጂ አልዘነበም። ቃል ተገባባን፣ ሁለት ምስክሮች ፈረሙ። ከግንቦት 2021 ወዲህ ወረቀቱ ላይ የእናት ስምም ይጻፋል፣ ድሮ የአባት ብቻ ነበር። እናቴ ስሟ የቱ ጋ እንደሆነ በጣቴ እንዳሳያት ጠየቀችኝ፣ አሳየኋት፣ ቆማ ቆየች።

መዝጋቢዎቹ መኪናቸው ውስጥ ሲገቡ አባቴ ነጠላውን አስተካክሎ ተነሣ። እኛም ጫማችንን አውልቀን ሣሩ ላይ ተንበረከክን።