የቴክሳስ ዋሻ ሸረሪቶችን መለየት፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሲኩሪና የሚባለውን የሸረሪት ወገን ማጥናት ልጀምር ነው ብዬ በጻፍኩላችሁ ጊዜ፣ ከመካከላችሁ አንዱ «ሁሉም ገርጣ ያሉ፣ ሁሉም ዓይን የለሽ፤ በምን ልትለያቸው ነው?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። መልሱን አሁን በከፊል ይዤዋለሁ።

ከኦስቲን እስከ ሳን አንቶኒዮ ያለው የኖራ ድንጋይ በዋሻና በስንጥቅ የተበሳሳ ነው። እዚያ የሚኖሩትን ሲኩሪናዎች በመልካቸው ለመለየት መሞከር ከንቱ ድካም ነው። ዓይን መጥፋቱ፣ ቀለም መገርጣቱና እግር መርዘሙ የጨለማ ኑሮ ውጤቶች ናቸው፤ ተራርቀው በሚገኙ ዋሻዎች ውስጥ ለየብቻቸው ደጋግመው ሊከሰቱ ይችላሉ። ስለዚህ ለዝምድና ማስረጃ አይሆኑም። ጀማሪ ግን መጀመሪያ የሚያየው እነርሱን ነው።

እኔ አሁን የምጀምረው ከሆድ ሥር ነው። የጎለመሰች ሴት ሸረሪት በሆዷ ግርጌ ጠንካራ የመራቢያ ሳህን አላት፤ ከሳህኑ ውስጥ የወንዱን ዘር የምታቆይባቸው ከረጢቶችና ቱቦዎች አሉ። የሸረሪት ተመራማሪው ዊሊስ ገርች በ1992 ባሳተመው ሰፊ ክለሳ ዓይን የለሾቹን ዝርያዎች ለመለየት በዋናነት የተመረኮዘው በእነዚህ ቅርጽ ላይ ነው። ከረጢቶቹን ለማየት በአልኮል የቆየውን ናሙና በማይክሮስኮፕ ሥር አድርጎ ሳህኑን በቀጭን መርፌ ማላቀቅ፣ ከዚያም የቅርንፉድ ዘይት ውስጥ መንከር ያስፈልጋል። ዘይቱ ሥጋውን ብርሃን አሳላፊ ያደርገዋል። (ቤቱ ሻይ የተፈላበት ይመስላል፤ ባለቤቴ ከዚህ ሥራ የወደደችው ይህን ብቻ ነው።)

ከሁሉም ያስቸገረኝ የእይታ አቅጣጫ ነው። ሳህኑ ትንሽ ካዘነበለ ክቡ ከረጢት ሞላላ ይመስላል፣ የተጠማዘዘው ቱቦም ቀጥ ያለ ይሆናል፤ በእንዲህ ያለ ልዩነት ደግሞ አዲስ ዝርያ ያገኘ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ደቃቅ አሸዋ በብርጭቆ ሳህን ላይ አነጥፋለሁ፤ ናሙናው በአሸዋው ላይ በፈለግሁት አቅጣጫ ይቆምልኛል። ከዚያ አንዱን አካል ከሁለት ማዕዘን በእርሳስ እስለዋለሁ። ፎቶግራፍ ፈጣን ቢሆንም እጅ ካልሳለው ዓይን አያስተውለውም የሚል እምነት አለኝ።

የምለማመደው ሲኩሪና ቫሪያንስ በምትባለው ዝርያ ነው። ዓይን አላት፣ በብዙ ዋሻዎች ትገኛለች፣ የሕግ ጥበቃም የላትም። ሲኩሪና ማድላ፣ ቬኒይ፣ ባሮኒያና ቬስፔራ ግን በታኅሣሥ 2000 በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ሊጠፉ ከተቃረቡት ተርታ ስለገቡ ያለ ፈቃድ መንካት ወንጀል ነው። እነርሱን የማውቃቸው ከታተሙ ሥዕሎች ብቻ ነው።

ስም መስጠቱ የምርምር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2012 በሳን አንቶኒዮ የአንድ አውራ ጎዳና ግንባታ የቆመው ሲኩሪና ቬኒይ በቦታው በመገኘቷ ነበር፤ ማንነቷም የተረጋገጠው ባለሙያ ከፍቶ ካያት በኋላ ነው። ዕቅዱም በኋላ ከመሬት ሥር መተላለፊያ ወደ ድልድይ ተቀየረ።

ዋሻ ውስጥ የሚገኙት አብዛኞቹ ደግሞ ያልጎለመሱ ናቸው፤ የመራቢያ አካላቸው ገና አልተሠራም። ለእነርሱ የዘረመል ምርመራ ካልተደረገ በቀር፣ በምልክት ወረቀቱ ላይ የወገኑን ስም ብቻ ጽፌ አልፋለሁ። አንዳንዶቻችሁ ይህን ስንፍና ትሉታላችሁ፤ እኔ ግን በግምት ከተጻፈ ዝርዝር ባዶ ቦታ ይሻለኛል።

ቀጣዩ ቴክሴላ የሚባለው ወገን ነው። ሸረሪት ሳይሆን የሸረሪት ዘመድ የሆነ ብርቱካንማ እንስሳ ነው፤ የቴክሴላ ሬየሲ ሰውነት ከሦስት ሚሊሜትር ያነሰ ነው። በ1988 ጥበቃ የተሰጠው ቴክሴላ ሬዴሊ በሚል ስም ነበር። በ1992 ተመራማሪዎች ከውስጡ ሬየሲን ለይተው አወጡ፤ በ1993 መንግሥት ጥበቃው ሁለቱንም እንደሚያካትት በማረሚያ አሳወቀ። እዚህም ዓይን አይታመንም፤ የሬየሲ ዓይን ከዋሻ ዋሻ ይለያያል። ወሳኙ የወንዱ የመራቢያ አካል ነው፤ እርሱም ከሰውነት ውስጥ ተጎትቶ መውጣት አለበት። ጥበቃ በሌላቸው ዘመዶቹ ላይ ይህን ሳይሰብር ያወጣ ሰው ከመካከላችሁ ካለ፣ በምን ዓይነት መርፌ እንደሠራ ቢጽፍልኝ ደስ ይለኛል።