ዘር፣ ሰደርያና ጠብ፦ ስለ ሞተረኛ ክለቦች ሳነብ የደረስኩበት

ባለፈው ስለ ሃርሊ ዴቪድሰን ሞተር አሠራር የተማርኩትን አካፍያችሁ ነበር። አሁን ከብረቱ ወደ ነጂዎቹ ዞሬያለሁ። ሰሞኑን የያዘኝ የአሜሪካ «አውትሎው» ክለቦች (ከዋናው የሞተረኞች ማኅበር ያፈነገጡት) ታሪክ ነው። ሄልስ ኤንጅልስ፣ ሞንጎልስ፣ ባንዲዶስ የሚባሉት። እያነበብኩ የማስበው አንድ ነገር ነው፤ ዘር በነሱ ጠብ ውስጥ ምን ያህል ድርሻ አለው? እስካሁን የደረስኩበትን ባጭሩ ልንገራችሁ። ክለቦቹ ለምን እንደተወለዱ ዘር ብዙውን ያስረዳል። ማን ማንን እንደገደለ ግን ያን ያህል አያስረዳም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

የሆሊስተሩን ወሬ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። በ1947 የአሜሪካ የነፃነት በዓል ሰሞን፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ባለችው ትንሽ ከተማ ሆሊስተር የሞተር ውድድር ተዘጋጀ። ከተማዋ ከምትችለው በላይ ሰው ጎረፈ። ስካርና ድብድብ ሆነ፣ ጋዜጦቹም አራገቡት። በዓመቱ ሄልስ ኤንጅልስ እዚያው ካሊፎርኒያ፣ ፎንታና አካባቢ ተመሠረተ። አብዛኛው ሰው ታሪኩን ከዚህ ይጀምራል። እኔ ትንሽ ወደኋላ ሄዶ መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ።

የአሜሪካ ሞተረኞች ማኅበር የተቋቋመው በ1924 ነው። ውድድር የሚያዘጋጀው እሱ፣ ክለብ የሚመዘግበው እሱ። እስከ 1950ዎቹ ድረስ ነጭ ያልሆነ ሰው አባል አያደርግም ነበር። እንግዲህ ነጩ ጎረምሳ ከማኅበሩ ሲያፈነግጥ «አመፀኛ» ተብሎ ፎቶው መጽሔት ላይ ይወጣል። ጥቁሩ ማፈንገጥ እንኳ አላስፈለገውም፤ ከመጀመሪያውም በሩ ተዘግቶበታል። ቤሲ ስትሪንግፊልድ የምትባል ጥቁር ሴት በ1930ዎቹና በ40ዎቹ ብቻዋን ረጅም መንገድ በሞተር ትጓዝ ነበር። ማኅበሩ በክብር መዝገቡ ያሰፈራት በ2002 ነው። ያኔ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል።

ኦክላንድ ስለምኖር የከተማዬን ምዕራፍ ቀስ ብዬ ነው ያነበብኩት። ቴሌግራፍ ጎዳና መጥታችሁ ክትፎ የበላችሁ ሰፈሩን ታውቁታላችሁ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ኦክላንድ ስትነዱ ኢንተርናሽናል ቡሌቫርድ ይመጣል፤ ድሮ ኢስት 14ኛ ይባል የነበረው። የጥቁሮቹ ሞተረኛ ክለብ፣ የኢስት ቤይ ድራገንስ ቤት እዚያ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የመርከብ ፋብሪካዎቹ ሠራተኛ ሲያጡ ከሉዊዚያናና ከቴክሳስ ብዙ ጥቁር ቤተሰብ ወደዚህ ፈለሰ። የክለቡ መሥራች ቶቢ ጂን ሌቪንግስተንም ከሉዊዚያና ጭሰኛ ቤተሰብ የመጣ ነው። ወንድሞቹንና የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ መጀመሪያ ያቋቋመው የመኪና ክለብ ነበር። በ1959 ወደ ሞተር ዞሩ። ለመግባት ወንድ መሆን፣ ጥቁር መሆንና ሃርሊ መንዳት ያስፈልጋል፤ አለቀ። እንደ ሌሎቹ ክለቦች ሁሉ ፕሬዚዳንት አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ መዋጮ አለው። ጩኸቱን ተዉትና ዕድር በሉት።

እዚሁ ከተማ፣ ፉትሂል ቡሌቫርድ ላይ ደግሞ የኦክላንድ ሄልስ ኤንጅልስ አለ። በ1957 የተቋቋመ ሲሆን ስሙን ያስጠራው ሶኒ ባርገር ነው። በ60ዎቹ የናዚ ምልክት ለጥፈው የሚዞሩ አባላት ነበሩት። ባርገር በስተርጅና ሲጠየቅ አልሸፋፈነም። ክለቡ እንደ ክለብ ዘረኛ አይደለም፣ ነገር ግን ጥቁር እንዳይገባ ለማድረግ የሚበቁ ዘረኛ አባላት አሉን የሚል ይዘት ያለው መልስ ሰጥቷል።

በዚህ ሒሳብ ድራገንስና ኤንጅልስ በየሳምንቱ መታኮስ ነበረባቸው። አልተታኮሱም። ባርገርና ሌቪንግስተን ወዳጆች ነበሩ። ድራገንስን መንገድ ላይ እያስቆመ መከራቸውን ያበላቸው ፖሊስ ነው። ለምን ተስማሙ? የእኔ ግምት ይሄ ነው፤ የሚሻሙት ነገር አልነበረም። አንዱ የሌላውን ልጅ አይመለምልም፣ አንዱ የሌላው ሰፈር አይገባም። ሰላሙ የመለያየት ሰላም ነው። አንተም በደጅህ፣ እኔም በደጄ። ይሄን ሰላም ማወደስ ይከብደኛል፣ ግን ሠርቷል።

ወደ ሎስ አንጀለስ ስትወርዱ ነገሩ ይለያል። ቾዝን ፊውም በ1959 በጥቁሮች የተመሠረተ ክለብ ነው፤ ጥቂት ሳይቆይ ግን ነጭ አባል ተቀበለ፣ ቀጥሎም ሌሎች ገቡ። ኤንጅልስ ያላደረገውን በራሳቸው ፈቃድ አደረጉት። እዚያው ሎስ አንጀለስ ቤን ሃርዲ የሚባል ጥቁር መካኒክ ነበር። በ1969 የወጣውን «ኢዚ ራይደር» ፊልም ያያችሁ፣ የአሜሪካ ባንዲራ የተቀባው ታንክና ያ ረጅም የፊት ሹካ ትዝ ይላችኋል። ያን ሞተር የሠራው ሃርዲ ነው፤ ሥራውን ያስተባበረው ደግሞ ክሊፍ ቮን፣ በሲቪል መብት ትግሉ የተሳተፈ ሌላ ጥቁር ሰው። የሁለቱም ስም ፊልሙ ላይ አልተጻፈም። በዓለም ላይ ከሁሉ የታወቀውን ቾፐር (እንዲህ ፊቱ ረዝሞ የተለወጠ ሞተር) ሠርተው ለአሥርት ዓመታት ማንም አላወቃቸውም። እዚህ ጋ ስደርስ ተናድጄ መጽሐፉን ዘግቼ ነበር፤ እውነቴን ነው።

አሁን ወደ ሞንጎልስ እንምጣ። በ1969 ከሎስ አንጀለስ በስተምሥራቅ ባለችው ሞንቴቤሎ ተመሠረተ። መሥራቾቹ በብዛት የሜክሲኮ ተወላጆች ናቸው። ኤንጅልስ አንቀበልም ስላሏቸው የራሳቸውን ክለብ አቋቋሙ ተብሎ በሰፊው ይነገራል። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የዘር ታሪክ ነው። ደም የፈሰሰበትን ምክንያት ስታዩ ግን ጨርቅ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

እንዲህ ነው። ሰደርያው ጀርባ ላይ የሚሰፋው ፓች ሦስት ክፍል አለው። ከላይ በቅስት የክለቡ ስም፣ መሃል ላይ አርማው፣ ከታች ደግሞ ሌላ ቅስት፣ የግዛት ስም። ያ የታችኛው ቅስት ዝም ብሎ አድራሻ አይደለም። «ይሄ አገር የእኔ ነው» ማለት ነው። «ካሊፎርኒያ» ብሎ መስፋት ለኤንጅልስ ብቻ የተፈቀደ ነበር፤ ፈቃጁም ራሱ ኤንጅልስ ነው። ሞንጎልስ ሰፉት። በ1977 ሁለት የሞንጎልስ አባላት ሳን ዲየጎ አካባቢ አውራ ጎዳና ላይ ተገደሉ። ቀብራቸው ላይ ቦምብ ፈንድቶ ሰው ቆሰለ። ጠቡ ዓመታት ፈጀ። ሞንጎልስ ቅስቱን አላወለቁም፤ ዛሬም ለብሰውት ይሄዳሉ። ጠቡም ጨርሶ አልበረደም። በ2002 ኔቫዳ፣ ላፍሊን ውስጥ፣ ሃራስ ካዚኖ አዳራሽ ውስጥ ቁማር በሚጫወት ሰው መሃል ተጋጭተው ሦስት ሰው ሞተ፤ ሁለቱ ከኤንጅልስ፣ አንዱ ከሞንጎልስ።

የዚህ ታሪክ መራራው ክፍል የሚመጣው በ2008 ነው። መንግሥት ሰላዮቹን አስርጎ ካስገባ በኋላ በርካታ የሞንጎልስ አባላትን ከሰሰ። የክስ መዝገቡ ላይ ክለቡ ለጥቁሮች ጥላቻ እንዳለው፣ አባላቱ ባሉበት መጠጥ ቤት ጥቁር ሲያዩ እንደሚተናኮሉ ተጽፏል። በዘሩ ምክንያት በር የተዘጋበት ክለብ ዞሮ ለሌላው በር ዘጋ።

መንግሥት በዚያ ክስ አንድ ብልጠት ሞክሮ ነበር። አርማው የንግድ ምልክት ሆኖ ስለተመዘገበ፣ ፍርድ ቤት ይውረስልንና ፖሊስ መንገድ ላይ ያገኘውን ሞንጎል ሰደርያውን ያውልቀው የሚል። ጉዳዩ ከአሥር ዓመት በላይ ተጓተተ። በ2019 መጀመሪያ ላይ ጁሪው ይወረስ አለ። ዳኛ ዴቪድ ካርተር ግን አይሆንም አሉ፤ የመናገር ነፃነትን ይነካል፣ ቅጣቱም ከልክ ያለፈ ነው ብለው። ሰው የሞተለትን ጨርቅ መንግሥትም ቢሆን ማስወለቅ አልቻለም።

ዘሩን ከስሌቱ ብታወጡትስ? ያው ነው። በ1984 ሲድኒ አጠገብ፣ ሚልፔራ ውስጥ፣ ኮማንቼሮስና ባንዲዶስ በአባቶች ቀን መኪና ማቆሚያ ላይ ተታኩሰው ሰባት ሰው አለቀ፤ አንዷ በአጋጣሚ እዚያ የተገኘች የ14 ዓመት ልጅ ናት። የአውስትራሊያው ባንዲዶስ ከኮማንቼሮስ ተገንጥሎ የወጣ ነው፤ ትናንት አንድ ቤት የነበሩ ሰዎች። በስካንዲኔቪያም ከ1994 እስከ 1997 ኤንጅልስና ባንዲዶስ ሲዋጉ 11 ሰው ሞቷል። ከስዊድን ጦር መጋዘን የተሰረቀ ፀረ ታንክ መሣሪያ እስከ መተኮስ ደርሰዋል። ዴንማርክ ውስጥ የሁለቱ ክለቦች ተወካዮች ቴሌቪዥን ላይ ተጨባብጠው ነው ያበቃው። የሚመሳሰሉት ናቸው የሚጋደሉት፤ አንድ ዓይነት ልጅ የሚመለምሉት፣ አንድ ዓይነት ቅስት የሚመኙት።

መጀመር ለምትፈልጉ አንድ ምክር አለኝ። በክለብ ሳይሆን በከተማ አንብቡ። ክለብ በክለብ ስታነቡ ሁሉም የራሱን ጀግና ነው የሚያወራው። ከተማ ስትይዙ ግን ማን የት ሰፈር እንደኖረ፣ ፖሊሱ ማንን እንደሚያስቆም፣ ማን ከማን አጠገብ እንደጠጣ ይታያችኋል። የቀድሞ አባላት የጻፉትን ትዝታ በጥርጣሬ፣ የክስ መዝገቡንም በጥርጣሬ። አንዱ ራሱን ያገዝፋል፣ ሌላው እስር ይፈልጋል።

ቀጥሎ የምገባው ኮፐንሃገን ነው። በ2007 እዚያ ኤንጅልስ ኤኬ81 የሚባል ደጋፊ ቡድን አቋቁሞ፣ በ2008 ከስደተኛ ልጆች ቡድኖች ጋር ተኩስ ገጥሞ ነበር። እዚህ ላይ ዘር ከልደቱ አልፎ ተኩሱ ውስጥም የገባ ይመስላል፤ ከላይ ያልኳችሁን ሊያፈርስብኝ ይችላል። ያኔ ኮፐንሃገን ወይም ማልመ የነበራችሁ ካላችሁ፣ ሰፈሩ ውስጥ ምን ይወራ እንደነበር ጻፉልኝ።