ኪቦርዱን ለእሷም

ዛሬ ተማሪዎች ኮዲንግ (ለኮምፒውተር ትእዛዝ መጻፍ) ሲለማመዱ አብሬያቸው ዋልኩ። ኮምፒውተር ለሁለት ነው የደረሳቸው። ኪቦርዱ ግን በአብዛኛው ወንዶቹ እጅ ነው። ሴቶቹ ማስታወሻ ይይዛሉ። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፣ ልማድ ነው።

«ተቀያየሩ» አልኩ። ዝም ብላ የቆየች አንዲት ልጅ ትንሽ እንደጻፈች ስክሪኑ በቀይ የስህተት መልእክት ተሞላ። ወዲያው እጇን ሰበሰበች። «እኔ አይሆንልኝም መሰለኝ» አለችኝ። መስመር በመስመር አብረን አነበብነው። የጎደለው አንድ ቅንፍ ነበር፤ ራሷ አገኘችው። ከዚያ በኋላማ ማን ያስነሳት!

ስለ ካትሪን ጆንሰንም ነገርኳቸው። ጥቁር አሜሪካዊት የሒሳብ ሊቅ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1962 ጠፈርተኛው ጆን ግሌን በመንኮራኩር ምድርን ለመዞር ሲዘጋጅ፣ ኮምፒውተሩ ያወጣውን ስሌት እሷ እንድታረጋግጥለት ጠይቋል። ልጆቹ ጸጥ ብለው ሰሙኝ።

ጎበዝ ልጅ አልጠፋም፣ በእውነት። ብዙዎቹ ግን እነሱን የሚመስል ኢንጂነር በአካል አይተው አያውቁም። በሙያው ያላችሁ ሴቶች፣ ከገጠር የወጣችሁ፣ አካል ጉዳተኛ የሆናችሁ ባለሙያዎች፣ እባካችሁ አንድ ተማሪ ሥራ ቦታችሁ ጋብዙ። የምትሠሩትን አሳዩት፣ ሲያቅታችሁ ምን እንደምታደርጉም ጭምር።