ፌስታል፣ የሞባይል ካርድና ፀሐይ

ትናንት ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶ የሚያበላሹት ቀለበቶች የሌሉባት ፀሐይ በካሜራዬ አነሳሁ። ከጠርዟ የተነሳው ፕሮሚነንስ (ነበልባል መሰል የጋዝ ግንድ) ሳይቀር ጥርት ብሎ ወጥቷል። ለማን ልንገር ብዬ ነው የምጽፈው።

ልክፍቱ የያዘኝ በሰኔ 14፣ 2012ቱ ግርዶሽ ነው። ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ሆና ስትታይ፣ አዲስ አበባ ያለነው የተገመሰችውን አይተን ቀረን። መሣሪያ ማስመጣቱን ልዝለለው። አሁን ያለኝ ባለ 40 ሚሊሜትር የሃይድሮጅን አልፋ ቴሌስኮፕ (በውስጡ ባለው ማጣሪያ የሃይድሮጅንን ቀይ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ የፀሐይ ቴሌስኮፕ) እና ጥቁርና ነጭ ካሜራ ነው።

በዓይኔ ሳይ ንጹህ ነች። በካሜራ ስቀርጻት ግን ኩሬ ውስጥ ድንጋይ የተወረወረ ይመስል ክብ በክብ! አንዴማ «የፀሐይ ሞገድ» ብዬ ለጓደኞቼ ልኬላቸዋለሁ፤ እባካችሁ አታስታውሱኝ። በኋላ ካሜራውን ሳዞረው ስክሪኑ ላይ ፀሐይዋ ዞረች፣ ቀለበቶቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። ጥፋተኛው ያኔ ተያዘ።

የኒውተን ቀለበት ይባላሉ። ማጣሪያው የሚያሳልፈው 656.28 ናኖሜትር ላይ ያለችውን ቀጭን ቀይ ብርሃን ብቻ ስለሆነ፣ በካሜራው ሴንሰር (ብርሃን ተቀባዩ) እና ከፊቱ ባለው መከለያ መስታወት መሃል ሲንጸባረቅ አንዱ ሞገድ ሌላውን ያጎላዋል ወይም ያጠፋዋል። በነጭ ብርሃን ቢሆን ቀለማቱ ተደበላልቀው ባልታየ ነበር። ባርሎው (ምስሉን የሚያጎላ ተጨማሪ ሌንስ) ስጨምርማ ባሰ።

መድኃኒቱ ካሜራውን ማጋደል ነው። ለዚሁ የተሠራ አስማሚ ይሸጣል፤ እኔ ግን የተፋቀ የሞባይል ካርድ ቆራርጬ ካሜራው ከቴሌስኮፑ ጋር በሚገናኝበት በአንድ ጎኑ ወሸቅሁ። በአንድ ቁራጭ ቀለበቶቹ ተጠጋጉ። በሁለት እንደ ፀጉር ቀጠኑ። በሦስት ጠፉ። ስግብግብነት ይዞኝ አራተኛውን ስጨምር የፀሐይዋ ግማሽ ከፎከስ ወጣ፣ ወደ ሦስት ተመለስኩ።

በሶፍትዌር ይጠፋል የምትሉኝ፣ ሞክሬዋለሁ። ቀለበቱን ሲፍቅ ፊላመንቱንም (ፀሐይዋ ፊት ላይ እንደ ጥቁር ክር የሚታየውን ጋዝ) አብሮ ፈቀው። ያ ፎቶ ማንሳት ሳይሆን መሳል ነው።

ፎቶው ላይ የሚወጣውን የአቧራ ነጠብጣብ ግን በፍላት (ነጠብጣቡን ብቻ የሚያሳይ፣ ከዋናው ፎቶ ላይ እሱን ለማጥፋት የሚያገለግል ባዶ ፎቶ) ነው የማጠፋው፦ ስስ ነጭ የዳቦ ፌስታል ቴሌስኮፑ አፍ ላይ ወጥሬ፣ ፀሐይዋ ላይ እንዳነጣጠርኩ 200 ፍሬም። (ፌስታሉ የፀሐይ ማጣሪያ አይደለም፤ ማጣሪያ በሌለው ቴሌስኮፕ እንዳትሞክሩት።) ፎከሱን ደግሞ አትንኩ። እኔ ነክቼ አንዱ ነጠብጣብ ሁለት ሆኖ አረፈው፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ።

ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ የጎረቤት ቆርቆሮ ሲግል ምስሉ መርገብገብ ይጀምራል። ለዚህ ያገኘሁት ዘዴ በጊዜ መነሳት ብቻ ነው። ዛሬ 4 ሰዓት ላይ ተነስቼ ያነሳሁትን በሙሉ ሰርዤዋለሁ።