በባሕር ጃርት እሾህ መካከል

ውኃው ከደረቴ አያልፍም ነበር። መነጽሬን አጥልቄ፣ የመተንፈሻውን ቱቦ ነክሼ ፊቴን ስነክር መጀመሪያ ያየሁት ዓሣ ሳይሆን እሾህ ነው። እንደ መርፌ የቀጠነ ረጅም ጥቁር እሾህ ያላቸው የባሕር ጃርቶች አሸዋው ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ሳልንቀሳቀስ ጠበቅሁ። ጥቂት ቆይቶ ከእሾሁ መካከል የብር ቀለም ያለው ነገር ብልጭ አለ፤ ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎም ሌላ። ከጣቴ የማይረዝሙ፣ በጎናቸው ሦስት ጥቁር ሰንበር የወረደባቸው፣ ክንፋቸው ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ እንደ ዕንቁ የተረጨባቸው ዓሦች ናቸው። እጄን ቀስ አድርጌ ሳስጠጋ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ እሾሁ ሥር ገቡ። እንደማልደፍር ያውቃሉ።

ለሦስት ዓመት ያህል እንደ እነዚህ ያሉ ሁለት የባንጋይ ካርዲናል ዓሦች በቤቴ የመስታወት ገንዳ ውስጥ ነበሩኝ። ማታ ማታ ፊታቸው ተቀምጬ ድካሜን እረሳ ነበር። ከየት እንደመጡ ግን ጠይቄ አላውቅም። ሁለተኛው ሲሞት ነው መጠየቅ የጀመርኩት። መልሱም ከማካሳር በአውሮፕላን ወደ ሉዉክ፣ ከሉዉክ ደግሞ አንድ ሌሊት ሙሉ በመርከብ ወደ ባንጋይ ደሴት አመጣኝ። በኢንዶኔዢያ፣ ከሱላዌሲ ደሴት በስተ ምሥራቅ ያሉት እነዚህ ደሴቶች የዚህ ዓሣ ብቸኛ የተፈጥሮ መኖሪያ ናቸው። ዛሬ በሌምቤ ወሽመጥና በባሊ ዳርቻ የሚታየው፣ ነጋዴዎች በመንገድ ላይ የለቀቁት ነው።

ዓሣው ለሳይንስ የተዋወቀው በ1933 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ስድሳ ዓመት ያህል ማንም ሳያነሣው ኖሮ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ የዓሣ ተመራማሪው ጄራልድ አለን እንደገና ሲያስተዋውቀው ገበያው ወዲያው ተከተለ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በዓመት ከ600,000 እስከ 900,000 የሚደርስ ዓሣ ከእነዚህ ደሴቶች ይወጣ እንደነበር ተገምቷል። ይህን ቁጥር አስቀድሜ አንብቤው ነበር። ውኃው ውስጥ ቆሜ፣ በአንድ የጃርት መንጋ ሥር አሥራ አንድ ዓሣ ብቻ ቆጥሬ ሳስበው ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ።

አብዛኛው የኮራል ሪፍ (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚሠሩት ድንጋይ መሰል ቋጥኝ) ዓሣ እንቁላሉን ለባሕሩ ይሰጣል። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ ከሞገድ ጋር ለቀናት፣ ለሳምንታትም ተንሳፍፎ ሌላ ሪፍ ላይ ያርፋል። ስለዚህ አንድ ቦታ ቢራቆት ከሌላ ቦታ የሚመጣ አለ። በሐዋይ፣ በኮና ዳርቻ የሆነውም ይኸው ነው። በ2003 የታተመ ጥናት፣ ለገንዳ ከሚሰበሰቡት 10 የዓሣ ዝርያዎች 7ቱ መልቀም በሚፈቀድበት ቦታ ከማይለቀምበት ይልቅ በግልጽ ቀንሰው ማግኘቱን ገልጿል፤ ልዩነቱ ከ38 እስከ 75 በመቶ ነበር። ከዳርቻው ሲሶ ያህሉ ለለቃሚዎች ሲዘጋ ግን ቢጫው ታንግ የሚባለው ዓሣ በተዘጉት ቦታዎች መልሶ በዛ። ባሕሩ እጭ አመጣለት።

ለባንጋይ ካርዲናል የሚያመጣለት የለም። እናቲቱ እንቁላሉን ለአባት ታስረክባለች፤ አባትም ጥቂት ደርዘን እንቁላል በአፉ ይዞ ሦስት ሳምንት ያህል ምግብ ሳይቀምስ ይቆያል። ከተፈለፈሉም በኋላ ግልገሎቹ እስኪጠነክሩ አሥር ቀን ያህል አፉ ውስጥ ያኖራቸዋል። ሲወጡ ተንሳፍፈው አይሄዱም፤ እዚያው፣ አባታቸው በኖረበት የጃርት እሾህ ሥር ይገባሉ። ጥልቁን ውኃ አቋርጦ የሚሄድ የለም። በዚህ ምክንያት ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ በሚራራቁ ሪፎች ላይ ያሉት ዓሦች እንኳ በዘር ውርሳቸው ተለያይተዋል። አንድ ሪፍ ተለቅሞ ካለቀ የሚጠፋው ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ሌላ ቦታ የሌለ ቤተሰብ ነው።

ከሰዓት በኋላ አስጎብኚዬ በውኃ ላይ በቋሚ እንጨት ወደተሠራ፣ ባጆ የሚባሉት የባሕር ሰዎች መንደር ወሰደኝ። የተቀበሉን ሽማግሌ ለብዙ ዓመታት ለቃሚ የነበሩ ናቸው። አስጎብኚዬ «ፓክ» እያለ፣ እንደ አባት ነው የሚያናግራቸው። እንዴት ይይዙት እንደነበር ስጠይቃቸው ከወለሉ ተነሥተው በእጃቸው አሳዩኝ፦ አንዱ ትንሿን መረብ ይዘረጋል፣ ሌላው በዘንግ ጃርቶቹን ቀስ እያለ ይነካካል፣ ዓሣው ከእሾሁ ወጥቶ ሌላ መጠለያ ሲፈልግ ራሱ መረቡ ውስጥ ይገባል። መርዝ አያስፈልግም። ሌላ ቦታ፣ በተለይ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በፊሊፒንስ፣ ለቃሚዎች ሳያናይድ የተባለውን መርዝ በውኃ በጥብጠው በኮራሉ ስንጥቅ ውስጥ ይረጩ ነበር፤ ዓሣው ይደነዝዛል፣ ኮራሉ ይሞታል፣ ከተያዘው ብዙው ቆይቶ ገዥው ቤት ያልቃል። እዚህ ያን ያህል ጥፋት አልደረሰም፤ ዓሣው ዘገምተኛ ስለሆነ፣ ወደ ጥልቅ ውኃም ስለማይወርድ መረብ ይበቃዋል። ለመራቆቱም ምክንያቱ ይኸው ቀላልነቱ ነው።

«ትልቁን ብቻ አንሥተን ትንሹን እንተው ነበር» አሉኝ። «ኋላ ትንሹንም ጠየቁን።» ቀጥለውም፣ ከዓሣው በፊት የጠፋው መጠለያው እንደሆነ ነገሩኝ። ግልገሎቹ የሚሸሸጉበት አኔሞኒ፣ ያ አበባ የሚመስለው የባሕር እንስሳ፣ ለገንዳም ለምግብም ተለቅሟል፤ ጃርቱንም ሰው ይበላዋል። ዓሣውን ትተው ቤቱን ቢወስዱም ያው ነው።

እኚህን ሰው መውቀስ አልቻልኩም። ለአንድ ዓሣ ይከፈላቸው የነበረው ጥቂት የአሜሪካ ሳንቲም ነው፤ እኔ ለአንዱ የከፈልኩት የእርሳቸውን የብዙ ቀን ልፋት ያህል ነበር።

ሕጉ ዘግይቷል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ዓሣውን በ2007 ለመጥፋት ከተቃረቡት መዝገብ አስገባው። በዚያው ዓመት ንግዱን በሳይተስ፣ ማለትም ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎችን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ለመቆጣጠር የቀረበው ሐሳብ ሳይጸድቅ ቀረ፤ በ2016 እንደገና ቀረበና እንደገና ሳይጸድቅ ቀረ። ኢንዶኔዢያ በ2018 በዓመት አራት ወር፣ በየካቲትና መጋቢት እንዲሁም በጥቅምትና ኅዳር አካባቢ፣ መልቀም ከለከለች። ጥሩ ነው፤ ለእኔ ግን አይበቃም። ይህ ዓሣ በገንዳ ውስጥ በቀላሉ ይራባል፤ ታይላንድ ውስጥ አርብተው ወደ ውጭ ይልኩታል። የዱሩን ለማስመጣት አሳማኝ ምክንያት አላገኘሁም። ከሻጩ ፊት ቆሞ «ይህ ከየት ተያዘ?» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ አልጠየቅሁም።

በመጨረሻው ቀን አንድ የዓሣ ነጋዴ የገዛውን ዓሣ የሚያቆይበትን ተንሳፋፊ የመረብ ቤት እንዳይ ፈቀደልኝ። በሦስት ክንድ ስፋት ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ዓሦች ታጭቀዋል። የሚሸሸጉበት እሾህ ስለሌለ አንዱ ከአንዱ ሥር ለመግባት ይታገላል። ጥግ ላይ አንዱ ለብቻው ቆሟል፤ የታችኛው መንጋጋው እንደ ከረጢት ወደ ታች ተነፍቷል። ጎንበስ ብዬ ሳየው አፉ ትንሽ ሲከፈት ብርቱካንማ እንቁላሎቹ ታዩኝ። ሌሎቹ ገፍተው አለፉት። ፈቀቅ አለ፣ እንደገና ገፉት፣ ይህን ጊዜ አፉን በሰፊው ከፈተ። እንቁላሎቹ እንደተያያዙ ወጥተው በመረቡ ወለል ላይ ተቀመጡ። ሊያነሣቸው አልሞከረም። ከላይ የነበሩት ወርደው መልቀም ጀመሩ።

ማታ መርከቡ ላይ ስወጣ ነጫጭ የፎም ሣጥኖች በፕላስተር ታሽገው ከመተኛዬ አጠገብ ተደርድረው አገኘሁ። ሰዎቹ አንዱን ሣጥን ሲያስተካክሉት ከውስጥ የውኃ ከረጢት ድምፅ ተሰማኝ። ፊቴን ወደ ሣጥኖቹ አዙሬ ተኛሁ። ሉዉክ ስንደርስ ገና አልነጋም ነበር፤ ከተሳፋሪው ሁሉ በፊት የወረዱት ሣጥኖቹ ናቸው።