ከስክሪኑ ያመለጡ ነጥቦች

ሰሞኑን እንቅልፍ የነሱኝ አንድ ሺህ ነጥቦች ናቸው። ጋላክሲዎች እንዴት እንደተፈጠሩ የሚያሳዩትን የኮምፒውተር ሲሙሌሽኖች አይቼ አይቼ፣ "ይሄማ የኒውተን ስበት ብቻ አይደል እንዴ?" አልኩና ላፕቶፔ ላይ የራሴን መጻፍ ጀመርኩ። ነጥቦቹን በተንኳቸው። አንዱ ሌላውን ይስባል፣ በቃ።

መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። ቀስ እያሉ ወደ መሃል ተሰበሰቡ። ከዚያ ሁለቱ በጣም ተጠጋጉና እንደ ጥይት ተስፈንጥረው ከስክሪኑ ወጡ። ኮዱን ደጋግሜ አየሁት፤ ስህተት የለበትም። ለካ ስበት ርቀቱ ሲቀንስ በካሬው ልክ ስለሚጨምር፣ ርቀቱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ኃይሉ ልክ ያጣል። መላው ቀላል ነው፦ ስሌቱ ውስጥ ርቀቱ ላይ ትንሽ ቁጥር ትጨምርና ስበቱን ታለዝበዋለህ። ባለሙያዎቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ማጭበርበር መስሎኝ ነበር። ግን ነጥቡ ኮከብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ቮልከር ስፕሪንግልና ባልደረቦቹ ጀርመን ውስጥ የሰሩት ሚሊኒየም ሲሙሌሽን 10 ቢሊዮን ያህል ነጥቦች ነበሩት፤ አንዱ ነጥብ ብቻውን ከ1 ቢሊዮን ፀሐይ በላይ የሚመዝን የዳርክ ማተር (በስበቱ ብቻ የሚታወቅ፣ የማይታይ ቁስ) ክምችት ነው። እንዲህ ያለ ክምችት እንደ ጠጠር አይጋጭም። በነገራችን ላይ የኔ አንድ ሺህ ነጥቦች በእያንዳንዱ እርምጃ ግማሽ ሚሊዮን ጥንድ ስሌት ይፈልጋሉ፤ የእነሱን አስበው። ለዚህ ነው ሩቅ ያሉትን ሰብስበው እንደ አንድ አካል የሚቆጥሯቸው።

የሚገርመኝ ግን ስዊድናዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ኤሪክ ሆልምበርግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 ምን ኮምፒውተር አለና! የብርሃን ድምቀትም ልክ እንደ ስበት በርቀቱ ካሬ ስለሚቀንስ፣ ለአንድ ጋላክሲ 37፣ ለሁለት 74 አምፖሎች ደረደረ። ብርሃኑ በየአምፖሉ ቦታ ከየት አቅጣጫ ምን ያህል እንደሚመጣ ለካ፤ በዚያ ልክ አምፖሎቹን አንቀሳቀሰ፤ እንደገና ለካ። ሰውየው ትዕግስቱ!

እስካሁን ያወራሁት ግን ቀላሉን ክፍል ነው። መጀመሪያ ላይ ከቦታ ቦታ በቁስ ጥግግት ከ100,000 አንድ እጅ ያህል ብቻ የነበረውን ልዩነት ስበት ራሱ እያጎላ፣ ዛሬ የምናየውን የጋላክሲዎች ድር ይሰራዋል። አስቸጋሪው ጋዙ ነው። ይቀዘቅዛል፣ ይሰበሰባል፣ ዝም ካልከው ከሚገባው በላይ ኮከብ ይወልዳል። የሚያስቆሙት የሱፐርኖቫ (የሚሞቱ ኮከቦች) ፍንዳታዎችና ብላክ ሆሎች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ለሲሙሌሽኑ በጣም ትንንሽ ስለሆኑ በቀመር ይገባሉ፤ ቀመሩም ቴሌስኮፕ ካየው ጋር እንዲገጥም ይስተካከላል። የሚያምሩት ቪዲዮዎች ይህን አይነግሩህም። ስለዚህ "ሲሙሌሽኑ ትክክለኛውን የጋላክሲ ብዛት አወጣ" ሲሉኝ ብዙም አልደነቅም፤ እንዲያወጣ ተደርጎ ነዋ የተሰራው። ማንም ያላስተካከለለትን ነገር ሲያገኝ ነው ጆሮዬ የሚቆመው።

የኔዎቹ ነጥቦች ስበታቸው ከለዘበ ወዲህ አላመለጡም። ክብ ሆነው እንደ ንብ መንጋ ይርመሰመሳሉ እንጂ ጠፍጣፋና ባለክንድ ጋላክሲ አልወጣቸውም። እርስ በርስ ተጋጭቶ ሙቀቱን የሚያወጣ፣ ከዚያም ዝርግ ብሎ የሚሽከረከር ጋዝ የላቸውማ።