የ1950ዎቹን የጣሊያን የቁም መብራት ፈትቼ መልሼ ያበራሁበት መንገድ

ሚላኖ ውስጥ ናቪሊዮ ግራንዴ በሚባለው ቦይ ዳር፣ በወሩ የመጨረሻ እሁድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይቆማል። ባለ ሦስት ክንዱን የቁም መብራቴን የገዛሁት እዚያ ነው፤ ምሰሶው ናስ፣ እግሩ ክብ እብነ በረድ፣ ቆቦቹ ቀለም የተቀቡ አሉሚኒየም ናቸው። ሻጩ «ስቲልኖቮ ነው» አለኝ። ስቲልኖቮ እ.ኤ.አ. በ1946 እዚሁ ሚላኖ የተቋቋመ የመብራት አምራች ስለሆነ፣ ስሙ ሲጠራ ዋጋው ይንራል። እኔ ግን ማኅተምም ተለጣፊ ምልክትም ስላላየሁበት፣ ሰሪው እንዳልታወቀ ዕቃ ተከራክሬ ወሰድኩት። እናንተም ምልክቱን በዓይናችሁ ካላያችሁ ለስም ብላችሁ ገንዘብ አትጨምሩ።

ካቻቢቴ ከማንሳቴ በፊት ፒያሳ ካስቴሎ ወደነበረው የጣሊያናዊው ንድፍ አውጪ የአኪሌ ካስቲሊዮኒ ስቱዲዮ ሄድኩ፤ ያኔ ሙዚየም ሆኖ ይጎበኝ ነበር። ወንድማማቾቹ አኪሌና ፒየር ጃኮሞ እ.ኤ.አ. በ1962 ፍሎስ ለተባለው የመብራት አምራች የነደፉትን አርኮ የተባለውን መብራት በፎቶ ሳታዩት አትቀሩም። ጣሪያ ሳይበሳ ጠረጴዛ መሃል ላይ ብርሃን እንዲወርድ የታሰበ ነው። ያን ረጅም ቅስት እንዳይወድቅ የሚይዘው ወደ 65 ኪሎ የሚጠጋ የካራራ እብነ በረድ ነው። ድንጋዩ ላይ ያለው ቀዳዳ የመጥረጊያ እንጨት ገብቶበት ሁለት ሰዎች እንዲሸከሙት የተበሳ ሲሆን፣ ጠርዞቹ የተሸረፉት የሚያልፈውን ሰው እንዳይጎዱ ነው። ቆቡም የተበሳሳው ሙቀት እንዲያስወጣ ነው። በዚያው ዓመት የሠሩት ቶዮ የተባለው መብራት ደግሞ ይበልጥ አስደነቀኝ፦ አምፖሉ የመኪና የፊት መብራት ነው፤ ሽቦው በዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ቀለበቶች ውስጥ ያልፋል፤ ትራንስፎርመሩም ከታች ተቀምጦ ሚዛን ይጠብቃል። ከዚያ ወዲህ የራሴን መብራት ስነካ፣ ስለ እያንዳንዱ ብሎን «ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?» ሳልል አላልፍም።

ሥራው ከባድ የነበረው ሽቦው ላይ ነው። የድሮው የጎማ ሽፋን ደርቆ ሲነኩት ይረግፋል። የምሰሶው ቱቦ ጠባብ በመሆኑ አሮጌውን ሽቦ ዝም ብሎ መዞ ማውጣት አያዋጣም፤ ጫፉ ላይ ጠንካራ ሲባጎ አስሬ ቀስ ብዬ ሳብኩት፤ ሲባጎው ቱቦው ውስጥ ሲቀር አዲሱን ሽቦ በእሱ ጎትቼ አስገባሁ። ሽቦው የሚወጣበት የናስ አፍ ስለታም ነበርና በሞረድ አለስልሼ የፕላስቲክ ቀለበት አደረግኩበት፤ ይህን የሚዘል ሰው አዲሱን ሽቦ በጥቂት ጊዜ ያስቆርጣል። አካሉ ብረት ስለሆነም ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ መርጬ፣ አረንጓዴና ቢጫውን የመሬት ሽቦ ከምሰሶው ጋር አጥብቄ አሰርኩ። ስፒናውን ከመሰካቴ በፊት ሁለቱ የኃይል ሽቦዎች ከናሱ ጋር እንደማይገናኙ፣ የመሬቱ ግን እንደሚገናኝ በቴስተር ለካሁ። ኤሌክትሪክ ያልለመደ ሰው ይህን ክፍል ለባለሙያ ይስጥ፤ በዚህ ላይ አልደራደርም።

ናሱን አላብረቀረቅኩትም። ያ ጠቆር ያለ መልክ የስድሳ ሰባ ዓመት ሥራ ነው፤ በማጽጃ ከፈተጉት በደቂቃ ይጠፋል። ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። እብነ በረዱን ሎሚም አቼቶም አታስነኩ፤ አሲድ ድንጋዩን ይበላዋል።

የድሮ አምፖሎች ሙቀት የቆቦቹን ቀለም ከውስጥ አቃጥሎታል። ስለዚህ ብዙ የማይግሉ፣ የብርሃናቸው ቀለም 2700 ኬልቪን የሆነ፣ ማለትም ሞቅ ያለ ቢጫማ ብርሃን ያላቸው ኤልኢዲ አምፖሎች ገጠምኩ። አንዱን ቆብ ወደ ጣሪያ፣ አንዱን ወደ ግድግዳ፣ ሦስተኛውን ወደ ማንበቢያ ወንበሬ አዙሬዋለሁ። ክንዶቹ ሦስት የሆኑበት ምክንያት የገባኝ ያኔ ነው፤ ክፍሉን በሙሉ በአንድ ኃይለኛ አምፖል ማጥለቅለቅ አያስፈልግም።

ቀጥሎ በእጄ ልፈታው የምመኘው የእነዚያኑ የካስቲሊዮኒ ወንድማማቾች የ1954ቱን (እ.ኤ.አ.) ሉሚናቶር የተባለ የቁም መብራት ነው። የምሰሶው ውፍረት ከአምፖሉ መያዣ ልክ የተወሰደ ነው፤ ብርሃኑም ወደ ጣሪያ ተረጭቶ ይመለሳል። ከዚያ ላይ የሚቀነስ አንድም ነገር አላገኘሁም።